ስለ ከተማ ባቡር መስፋፋትና ስለ መጠበቂያው ገንዘብ

ሥራ ሁሉ ሁለት ወጪ አለው፤ አንደኛው የማቆሚያው ወጪ ነው፥ ሁለተኛው የመጠበቂያው ወጪ ነው። የማቆሚያው ወጪ በአደባባይ ይወጣል፤ በምረቃው ቀን ንግግር ይደረግለታል፥ እልልታና ጭብጨባ ይከተለዋል፥ ዘመኑም በድንጋይ ላይ ይቀረጽለታል። የመጠበቂያው ወጪ ግን በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት በስውር የሚወጣ ስለ ሆነ የሚያጨበጭብለት ሰው የለም። ካህናት አንባቢዎቻችን ይህን ነገር ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ ቤተ ክርስቲያን ላሠራ የሚል ምእመን በየደብሩ ሳይጠፋ፥ ለጣራው እድሳት፥ ለዕጣኑና ለጧፉ በየወሩ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። በአንድ ሰው ቤት እንዲህ ያለ ጉድለት ቢገኝ ጉዳቱ በባለቤቱ ላይ ብቻ ይቀራል፤ በመንግሥት ሥራ ላይ ቢገኝ ግን ጉዳቱ በአገር ሁሉ ላይ ይወድቃል።

ዛሬ ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነገር ነው። ሐዲዱ ካለበት ጫፍ አልፎ ወደ አራቱም ማዕዘን ይቀጥል የሚለው አሳብ ባቡሩ ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ሲነገር ኖሯል። ከተማይቱ በየዓመቱ የምትሰፋ፥ ሠራተኛውም ከሥራው ርቆ የሚያድር ስለ ሆነ አሳቡ በጎ ነው፤ እኛም አንቃወመውም። ዳሩ ግን ሐዲዱ ከመቀጠሉ በፊት ሊቈጠር የሚገባው ሒሳብ አለ። ይህንም ሒሳብ በግልጥ ያየነው በአዲስ አበባ ሳለን አይደለም፤ ከዚያ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን በራያ ቆላ በዋጃ ሳለን ነው።

ዋጃ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው ታላቅ መንገድ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ፥ በስተምዕራብ ደግሞ ረጅሙ ደጋ ሜዳውን ከበው ይታያሉ። ምድሩ ለማሽላና ለጤፍ የተመቸ ለም አፈር ነው፤ ነገር ግን ሰማዩ ለሜዳው ንፉግ ነው። ስለዚህ የአገሩ ገበሬ በደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ በወረደ ጊዜ በድንጋይና በቅርንጫፍ ጠልፎ በቦይ እየመራ እርሻውን ያጠጣል። ጎርፉም ውኃ ብቻ ይዞ አይመጣም፤ ደለልና ድንጋይ ይዞ ይመጣል። ከዚህ የተነሣ የቦዩ አፍ በየዓመቱ ይደፈናል፥ በየዓመቱም በሰው ጕልበት ይጠረጋል።

በአንድ የሰኔ ማለዳ በዚያ ሜዳ ስናልፍ ሰዎች ዶማና አካፋ ይዘው የአንዱን ቦይ አፍ ሲጠርጉ አገኘን። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ እርሻቸው ከቦዩ መጨረሻ፥ ከሁሉ በታች መሆኑን ነገሩን። እኛም «አባቴ፥ እርሻዎ ከጫፉ ከሆነ ስለ ምን ከአፉ ላይ መጥተው ይደክማሉ?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም ዶማቸውን ተደግፈው «ጌታዬ፥ አፉ ከተደፈነ ጫፉ ምን ይጠጣል? ቦዩን እናርዝመው የሚል ጎረምሳ በየዓመቱ አይጠፋም፤ እኛም እሺ እንለዋለን፤ ነገር ግን አስቀድመህ ደለሉን ጥረግ እንለዋለን» ብለው መለሱልን። ደግሞም እያንዳንዱ ሰው እንደ እርሻው ስፋት የሥራ ቀን እንደሚሰጥ፥ የቀረም ሰው ካሣ እንደሚከፍል፥ ተራውንም የሚጠብቅ የውኃ አባት በሽማግሌዎች እንደሚመረጥ አስረዱን። በዚህ ንግግር ውስጥ ስለ ከተማው ባቡር ሊነገር የሚገባው ነገር ሁሉ ያለ መስሎ ታየን።

እንግዲህ ወደ ባቡሩ እንመለስ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ በ2004 ዓ.ም. ተጀመረ። የሰሜንና የደቡቡ መሥመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም.፥ የምሥራቅና የምዕራቡም መሥመር ጥቅምት 29 ቀን 2008 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፈተ። አንደኛው መሥመር ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ በመርካቶና በልደታ አድርጎ በሳሪስ በኩል ቃሊቲ እንዲደርስ ተሠራ፤ ሁለተኛው ከአያት ተነሥቶ በመገናኛ አልፎ ጦር ኀይሎች እንዲደርስ ተሠራ። በከተማው መካከልም ሁለቱ መሥመሮች በአንድ ሐዲድ ይገናኛሉ። ርዝመታቸው በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ያኽል፥ ጣቢያዎቻቸው 39፥ ለሥራው የመጡትም ባቡሮች 41 ነበሩ። ሥራውን የሠራው የቻይና የምድር ባቡር ኩባንያ ነው። ወጪው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን ከዚህ ውስጥ ከመቶው 85 እጅ ከቻይና የወጪና የገቢ ንግድ ባንክ በብድር የተገኘ ነው፤ የቀረው ከመንግሥት ግምጃ ቤት ወጣ።

ባቡሩ ለድኻው የጠቀመውን ጥቅም ማንም ሊክደው አይችልም። በመጀመሪያ የመንገደኛው ዋጋ እንደ ርቀቱ 2፥ 4 እና 6 ብር ነበር። የቀን ሠራተኛው፥ ተማሪው፥ በየሰው ቤት የምታገለግለው ሴት፥ በጕልት ገበያ የምትቸረችረው እናት ከታክሲ ሰልፍ ድነው በጥቂት ብር ከዳር እስከ ዳር ሄዱ። ከራያና ከወሎ ሥራ ፍለጋ ወርዶ ላምበረት ከአውቶቡስ የሚወርደው ወጣትም መገናኛ ደርሶ ወደ መርካቶ ወይም ወደ ቃሊቲ የሚሄድበትን መንገድ በዚህ ሐዲድ አገኘ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየቀኑ ከ100 ሺሕ በላይ ሰው ይሳፈርበት ነበር። ይህም ከተማን በሠለጠነ ሥርዐት ለማስተዳደር ታላቅ እርምጃ ነበር።

ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደለሉ ይታይ ጀመር። የባቡሮቹ ጎማ በየኩርባው እያለቀ ሄደ፤ መለዋወጫው ከውጭ አገር የሚመጣ፥ ዋጋውም በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ስለ ሆነ በጊዜው አልደረሰም፤ የኤሌክትሪክ ኀይልም አንዳንድ ጊዜ ይቋረጥ ነበር። ከመንገደኛው የሚሰበሰበው ገንዘብ ብድሩን መክፈል ይቅርና የየዕለቱን የሥራ ወጪ እንኳ ሊሸፍን አልቻለም። በ2015 ዓ.ም. ከ41ዱ ባቡሮች መካከል ይሠሩ የነበሩት ከሲሶው ያነሡ እንደ ነበሩ ተነገረ። ሐዲዱ በቦታው ሳለ፥ ጣቢያው በቦታው ሳለ፥ ሕዝቡም በጣቢያው ቆሞ ሳለ ባቡሩ ግን በማቆያው ውስጥ ቆመ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን የአባቶች ምክር ቸል ማለት የሚያስከትለው ዋጋ ይህ ነው። በጊዜው ቢገዛ ኖሮ አንድ ጎማ ያድነው የነበረው ባቡር ሲቆም፥ የቆመው ባቡር ሌላውን ለመጠገን ዕቃው ይፈታል፤ በመጨረሻም ሁለቱም ይቀራሉ።

ይህ ነገር በአገራችን የመጀመሪያ ቢሆን ኖሮ ባለማወቅ ሆነ በተባለ ነበር። ነገር ግን የምድር ባቡር ታሪካችን ይህንኑ ትምህርት ቀደም ብሎ አስተምሮን ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለሙሴ ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ኩባንያው ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ በደረሰ ጊዜ ገንዘቡ አለቀ። ወዲያው ሥራው ተቋርጦ ብዙ ዓመት ቈየ፤ ኩባንያው ፈርሶ ሌላ ኩባንያ ተተካ፤ ባቡሩም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከፈቃዱ እስከ መግባቱ 23 ዓመት ሆነ ማለት ነው። በዚህም መካከል የፈረንሳይ መንግሥት ኩባንያውን በገንዘብ ስለ ረዳ በሥራው ላይ ሥልጣን አገኘ፤ ዐፄ ምኒልክም ይህን ባወቁ ጊዜ እጅግ ቅር ተሰኙ። ከዚህ የምንማረው፥ ገንዘቡን የሚሰጥ ሰው ፈቃዱን ይዞ የሚመጣ መሆኑን ነው።

ያ ታላቅ መሥመር 784 ኪሎ ሜትር ያኽል ርዝመት ነበረው፤ ድሬ ዳዋን ከተማ አደረጋት፥ አዲስ አበባንም ከባሕር ጋር አገናኛት። ይሁን እንጂ ሐዲዱና ድልድዩ ከዘመን ብዛት እየደከመ፥ መኪናው እያረጀ ሲሄድ የሚያድሰው ገንዘብ ስላልተገኘ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬ ዳዋ ያለው አገልግሎት ቆመ። በእርሱም ፈንታ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ መሥመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። የዚህም ብድር በተባለው ጊዜ ሊከፈል ስላልቻለ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ የመክፈያው ዘመን ወደ 30 ዓመት እንዲረዝም ከአበዳሪው ጋር ስምምነት ሆነ። እንግዲህ አሮጌውን የጣለው የጥበቃ እጦት ነው፤ አዲሱን ያስጨነቀው የብድር ክብደት ነው። የከተማው ባቡር ግን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ተሸከመ።

እዚህ ላይ ስለ ብድር ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል፤ የገንዘብን ነገር የማይመረምር ሰው ብድር የተቈረጠ ዕዳ ብቻ ይመስለዋልና። በ2004 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ዶላር 17 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብዙም ሳይቈይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ በመጀመሪያው ጊዜ በ17 ሺሕ ብር ይከፈል የነበረ አንድ ሺሕ ዶላር በኋለኛው ጊዜ ከ100 ሺሕ ብር በላይ የሚከፈልበት ሆነ። በዶላር ሲቈጠር ዕዳው አንዲት ሳንቲም ሳይጨምር በብር ሲቈጠር ወደ ስድስት እጥፍ ደረሰ ማለት ነው። የባቡሩ ገቢ ግን በብር እንጂ በዶላር አይሰበሰብም። በውጭ ገንዘብ ተበድሮ በአገር ውስጥ ገንዘብ የሚሠራ ሥራ እንዲህ ያለ አደጋ አለበት፤ አዲስ ሐዲድ በዚሁ መንገድ ይሠራ የሚል ሁሉ ይህን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

ዕዳውንስ የሚከፍለው ማን ነው? በ2013 ዓ.ም. የመንግሥት ልማት ድርጅቶችን ዕዳ የሚረከብ አንድ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ የምድር ባቡሩም ዕዳ ወደዚያ ከተላለፉት መካከል ነበረ። ይህም ማለት ዕዳው በመጨረሻ የአገሪቱ ሁሉ ዕዳ ሆነ ማለት ነው። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. መንግሥታችን ከውጭ ገበያ የተበደረው ገንዘብ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ በቀኑ ሳይከፈል በመቅረቱ ነገሩ በዓለም ሁሉ ተሰማ፤ ከዚያም ከአበዳሪዎች ጋር ረጅም ድርድር ተደረገ። እንዲህ ባለ ጊዜ ጫናው በግምጃ ቤቱ መዝገብ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ማዳበሪያው፥ ወደ ነዳጁ፥ ወደ ስኳሩና ወደ ዘይቱ ዋጋ ይወርዳል። ማዳበሪያ የሚገዛው የዋጃ ገበሬ በቀላል ባቡር አንድ ቀን እንኳ ሳይሳፈር የዋጋው ተካፋይ ነው። እርሻው ከቦዩ ጫፍ ሆኖ ሳለ የአፉን ደለል የሚጠርገው ሽማግሌ ምሳሌነቱ በዚህ ላይ ነው። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ ሽማግሌው ከደከሙ በኋላ ውኃው ተራውን ጠብቆ ይደርሳቸዋል።

ለራያ ሰው የሚደርሰው የባቡር ተራ የትኛው ነው ቢባል፥ ተጀምሮ ያልተፈጸመው የሰሜኑ መሥመር ነው። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ በወልድያ አጠገብ እስከምትገኘው ሐራ ገበያ የሚደርሰው መሥመር ወደ 392 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ ሥራውን በ2007 ዓ.ም. ጀመረ፤ ዋጋውም 1.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን ገንዘቡ ከቱርክና ከአውሮፓ ባንኮች በብድር ተገኘ። ከሐራ ገበያ ደግሞ በራያ ቆላ አልፎ መቐለ የሚገባውን መሥመር አንድ የቻይና ኩባንያ ጀመረ። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ሐዲዱ ቢነጠፍም የኤሌክትሪክ ኀይል ስላልደረሰለትና ገንዘብ ስላነሰ ለሥራ ሳይበቃ ቈየ። በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት የራያውን ሥራ አቆመው፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ባዳረሰ ጊዜ በአዋሽና በሐራ ገበያ መሥመር የሥራ ሠፈርና ዕቃ ላይ ጥፋት ደረሰ። የቆቦና የዋጃ ሰው የዚያን ዘመን መከራ በገዛ ዓይኑ ያየ ስለ ሆነ እኛ ልንነግረው አያስፈልግም።

ይህ መሥመር ለራያ ጌጥ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ረኀብ በጸና ጊዜ የአላማጣና የኮረም ሜዳ ከየተራራው በወረደ ችግረኛ ተሞልቶ ነበር። ያን ጊዜ ከውጭ የተላከ እህል በአሰብ ወደብ ተከማችቶ ሳለ የሚያደርሰው የጭነት መኪና እንዳነሰ የዘመኑ ሰው ያስታውሰዋል። እህል ሞልቶ መንገድ ማጣት ከእህል ማጣት ያላነሰ ጥፋት ነው። ደግሞም ዝናብ በሰመረበት ዓመት የራያ ማሽላ፥ ጤፍና ከብት ወደ ታላቁ ገበያ በርካሽ የሚወጣበትን መንገድ ይፈልጋል። አንድ የጭነት ባቡር ብዙ መኪናዎች የሚሸከሙትን በአንድ ጊዜ ይሸከማል፤ የሚሄድበትም ኤሌክትሪክ ከውጭ አገር የሚገዛ አይደለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውና 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የዐባይ ግድብ የራሳችን የውኃ ኀይል ነው። ነዳጅ በዶላር እየገዙ ከመሄድ በገዛ ውኃችን መሄድ እንደሚሻል ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

እዚህ ላይ «እንግዲያውስ የከተማው ባቡር ይቅር ነው ወይ?» የሚል ሰው ይነሣ ይሆናል። አይደለም። የከተማ ባቡር ከመንገደኛው በሚገኘው ገንዘብ ብቻ ወጪውን ችሎ የሚኖርበት አገር ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የሕዝብ ገንዘብ ሊረዳው መገባቱን እናምናለን። ባቡር የሚጠቅመው የተሳፈረውን ብቻ አይደለምና። በጣቢያው አጠገብ ያለው ሱቅ ገበያው ይደምቃል፤ በአካባቢው ያለው ቦታ ዋጋው ይጨምራል፤ መኪና የሚነዳውም ሰው መንገዱ ይቀልለታል። ነገር ግን ከጥቅሙ በላጩን የሚያገኘው የከተማው ነዋሪ ስለ ሆነ ከወጪውም በላጩን የከተማው ሀብት ሊሸከመው ይገባል። የዋጃ ሽማግሌዎች ሥርዐት ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ እንደ እርሻው ስፋት ይደክማል።

በሌላው ዓለም ያሉት ከተሞች ይህን በልዩ ልዩ ዘዴ ፈጽመውታል። ሆንግ ኮንግ የባቡሩ ድርጅት በጣቢያዎቹ ላይና በዙሪያቸው ቤትና ሱቅ እንዲሠራ ፈቅዶ ከዚያ በሚገኘው ጥቅም ሐዲዱን አስፋፋ። የፈረንሳይ መንግሥት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1971 በፓሪስ ሠራተኛ የሚቀጥሩ ድርጅቶች ለከተማው መጓጓዣ ግብር እንዲከፍሉ ሕግ አወጣ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ለሌሎቹ ከተሞች አደረሰው። ሠራተኛው በጊዜ ቢደርስ የሚጠቀመው አሠሪው ነው ብለው ስላሰቡ ነው። በአፍሪካችንም የሞሮኮ ከተማ ካዛብላንካ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2012 የመጀመሪያውን መሥመር ከፈተች፤ ሁለተኛውን በ2019፥ ሦስተኛውንና አራተኛውን በ2024 አስከተለች። አንዱን ይዞ ሌላውን ማስከተል የሚቻል መሆኑን ከዚህ እናያለን።

ለእኛም ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ ሽያጭ ጥቂት ሳንቲም እየሰበሰበ የተሠሩት መንገዶች እንዲጠገኑ አደረገ። በሕግ የተለየ ገንዘብ ስለ ሆነ በየዓመቱ በልመና የሚገኝ አልነበረም። ለመኪናው መንገድ ይህን ያኽል ጥበብ ካወቅን ለባቡሩ ሐዲድ ስለ ምን ተረሳ? እኛ እንደሚመስለን፥ መንገድ የአገር ልጅ ሥራ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ፥ ባቡር ግን የውጭ ኩባንያ ሠርቶ የሚያስረክበው ዕቃ መስሎ ስለ ታየ ነው። ዕቃ ግን ካልጠበቁት ያረጃል።

ስለዚህ ባለሥልጣኖቻችን እንዲመረምሩት አራት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፥ አዲስ ሐዲድ ከመነጠፉ በፊት የቆሙት ባቡሮች ሁሉ ይነሡ። የ34 ኪሎ ሜትሩ ሐዲድ ባቡር አጥቶ ሳለ ሌላ ሐዲድ መጨመር ባቡር የሚጠብቀውን ሰው ማብዛት እንጂ ባቡርን ማብዛት አይደለም። ለዚህም የሚያስፈልገው የውጭ ምንዛሪ በየዓመቱ አስቀድሞ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ጎማውን፥ ፍሬኑንና ሌላውንም ዕቃ በአገር ውስጥ ለመጠገንና ለመሥራት የሚችሉ ልጆችን ማስተማር ይቀጥል። በጊዜው ያልተገዛ መለዋወጫ ካልተገዛ ባቡር ይቈጠራል።

ሁለተኛ፥ ለሐዲድ ጥበቃ ብቻ የሚውል ገንዘብ በሕግ ይቋቋም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የከተማ ቦታ በሊዝ እንዲተላለፍ ደነገገ። ሐዲድ በደረሰበት ሠፈር የቦታው ዋጋ የሚጨምረው በሕዝብ ገንዘብ በተሠራው ባቡር ምክንያት ስለ ሆነ፥ ከጭማሪው አንድ እጅ ወደ ሐዲዱ ቢመለስ ፍርድ ነው። በጣቢያዎቹ ከሚከራየው ሱቅና ከሚለጠፈው ማስታወቂያም የሚገኘው እዚያው ይጨመር። ሒሳቡም በየዓመቱ በጋዜጣ ታትሞ ለሕዝብ ይታይ፤ ሕዝብ የሚያየው ገንዘብ በከንቱ አይጠፋምና።

ሦስተኛ፥ ወደፊት ሐዲድ የሚያልፍበት ቦታ ዛሬ ይከለል። ከተማይቱ በምትሰፋበት በኩል ሁሉ ቤት ከተሠራ በኋላ አፍርሶ ሐዲድ መንጠፍ ካሣው ከሐዲዱ ዋጋ ይበልጣል፤ ለፈረሰበትም ሰው ኀዘን ነው። ባዶ መሬት በካርታ ላይ ማስከበር ግን ብዙ ወጪ የለበትም። አሁን የሚሻው ሥራ ይህ ነው፤ መንጠፉ ገንዘቡ ሲገኝ ይደርሳል። ሲደርስም ከሩቁ አስቀድሞ የቅርቡ ይታሰብ። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር መንገደኛውን ለቡ ሲያወርደው፥ የከተማው ባቡር ጫፍ ግን ቃሊቲ ላይ እንዲቀር ሆኖ ተሠራ። ከባሕር ዳርቻ በሐዲድ የመጣ ሰው ከተማው በር ላይ ሲደርስ ታክሲ ፍለጋ ይቆማል። ይህችን አጭር ክፍት ቦታ ማገናኘት አዲስ ረጅም መሥመር ከመዘርጋት ይልቅ ይጠቅማል።

አራተኛ፥ የመንግሥት ዋና ግምጃ ቤት የሚችለው ገንዘብ ለአገር አቀፉ መሥመር ይቅደም። ከተማው የራሱ ቦታና የራሱ ግብር አለው፤ ከእነዚህ መስፋፋቱን ሊያስብ ይችላል። ሐራ ገበያ ግን የሚሸጥ ሊዝ የላትም። በአዋሽና በኮምቦልቻ መካከል የተነጠፈው ሐዲድ ኀይል አግኝቶ ቢሠራ የወጣበት ብዙ ገንዘብ ፍሬ ማፍራት ይጀምራል፤ ከዚያም ወደ ሐራ ገበያ፥ ወደ ቆቦና ወደ አላማጣ ቢቀጥል በጦርነት የተጐዳው ሕዝብ ሥራና ገበያ ያገኛል። ያለ ሥራ የተቀመጠ ሐዲድ ወለድ ይቈጠርበታል፤ ዝገት ይበላዋል፤ ብረቱንም ሌባ ይመኘዋል።

ይህን ስንል የከተማውንና የገጠሩን ሰው ለማጣላት አይደለም። ሁለቱም የአንድ ቦይ ጠጪዎች ናቸው። የራያ ልጅ አዲስ አበባ ሠርቶ ለእናቱ ገንዘብ ይልካል፤ የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ከራያ የመጣ ጤፍ ይበላል። ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሀምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፥ የባቡር ወጪ ሁሉም እንደ ዐቅሙና እንደ ጥቅሙ ቢካፈለው አይከብድም። የሚከብደው አንዱ እየከፈለ ሌላው ብቻ ሲሳፈር፥ ወይም ሁሉም ከፍለው ማንም ሳይሳፈር ሲቀር ነው።

በቢሮ ያላችሁ ባለሥልጣኖች ሆይ፥ ስለ አዲሱ ሐዲድ ርዝመት የተጻፈ ወረቀት በፊታችሁ በቀረበ ጊዜ ከመፈረማችሁ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ይኸውም «በዐሥረኛው ዓመት ይህን የሚጠግነው ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚል ነው። መልሱ በወረቀቱ ውስጥ ከሌለ ወረቀቱ አልተፈጸመም። እናንተም ካህናት፥ ሕዝቡ የሚሰማችሁ ስለ ሆነ የጋራ ንብረትን መጠበቅ እንደ መሥራት የሚያስከብር መሆኑን ንገሩት፤ የጣቢያውን መስተዋት የሚሰብርና የሐዲዱን ብረት የሚሰርቅ የገዛ ቦዩን የሚደፍን መሆኑን አስረዱት።

በዚያ የሰኔ ማለዳ ከዋጃ ስንነሣ ደመናው በደጋው ላይ ጠቍሮ ነበር። ሽማግሌው «ዛሬ ማታ ሳይወርድ አይቀርም» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የቦዩ አፍ እኩሌታው ተጠርጎ፥ እኩሌታው ገና ነበረ።